ኢ-ጆርናሉን ማን ይጠቀም? ለዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ ሠራተኞች ዝርዝር መመሪያ

ደሴ ላይ አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ወደ ዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ መጣ እንበል። ማስተርሱን ሌላ ከተማ እየተማረ ነው፤ አንድ አርቲክል ቸግሮታል። ጠዋት ተረኛ የነበረችው ልጅ አሳዘናትና የዳታቤዙን ፓስወርድ በቁራጭ ወረቀት ጽፋ ሰጠችው። በማግስቱ ጓደኛውን ይዞ ከሰዓት ሲመጣ ሌላው ተረኛ "የኛ ተማሪ ካልሆናችሁ አይቻልም" ብሎ ሁለቱንም መለሳቸው።

ሁለቱም ሠራተኞች ተሳስተዋል። ፓስወርዱ መሰጠት አልነበረበትም። ሰዎቹም መመለስ አልነበረባቸውም።

ይህ ስህተት በየላይብረሪው ይደጋገማል፤ ምክንያቱ ደግሞ ክፋት አይደለም። ማን ይፈቀድለታል፣ ማን አይፈቀድለትም የሚለውን ቀድሞ ተቀምጦ የወሰነ ሰው ስለሌለ ነው። ውሳኔው ዴስክ ላይ፣ ሰውየው ፊት ለፊት ቆሞ እያየ ሲሰጥ ይሉኝታ ይገባበታል። ወሎ ላይ ደግሞ እንግዳን ከደጅ መመለስ እንዴት እንደሚከብድ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ሰው ከመምጣቱ በፊት ወስናችሁ ጨርሱ።

ከመጀመራችሁ በፊት የሚያስፈልጋችሁ

- ላይብረሪው የሚጠቀምባቸው ዳታቤዞችና ኢ-ጆርናሎች ሙሉ ዝርዝር
- የእያንዳንዳቸው ውል
- ከሪጅስትራር የዚህ ሴሚስተር ተመዝጋቢዎች ዝርዝር፣ ከሰው ሀብት ደግሞ በሥራ ላይ ያሉ ሠራተኞች ዝርዝር
- ኔትዎርኩን የሚያውቅ አንድ የአይሲቲ ባለሙያ
- ውሳኔውን የሚፈርም ኃላፊ

የመጨረሻውን አትዝለሉት። ያልተፈረመ ውሳኔ በመጀመሪያው የአለቃ ስልክ ይፈርሳል።

ደረጃ 1፦ ሀብቶቹን ለሦስት ክፈሏቸው

አንደኛው ክፍል ለሁሉም ክፍት የሆነው ነው። ፐብሜድ ሴንትራል (የሕክምና ጽሑፎች ማከማቻ)፣ አርካይቭ (arXiv፣ የሳይንስ ጽሑፎች ማከማቻ)፣ በዶአጅ (የነፃ ጆርናሎች ማውጫ) የተዘረዘሩ ጆርናሎች፣ የአገራችን የጥናት ማከማቻ ናድሬ ላይ በነፃ የተለቀቁ ጥናቶች። እዚህ ላይ የምትወስኑት ነገር የለም፤ ከመንገድ የመጣ ሰውም ቤቱ ሆኖ ሊያነበው ይችላል። እንዲህ ስል ቀላል ይመስላል እንጂ ብዙ ላይብረሪ ላይ "ኢ-ሪሶርስ ለውጭ ሰው አይፈቀድም" እየተባለ ሰው ከነፃው ነገር ጭምር ሲመለስ አይቻለሁ፣ በጣም ያበሳጫል።

ሁለተኛው ሪሰርች ፎር ላይፍ ነው፤ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ አገሮች ተቋማት ጆርናሎችን በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ የሚያቀርብ ፕሮግራም። በውስጡ አምስት ስብስቦች አሉ፦ ሂናሪ ለጤና፣ አጎራ ለግብርና፣ ኦአሬ ለአካባቢ፣ አርዲ ለሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ጎአሊ ለሕግ። ኢትዮጵያ ክፍያ ከማይጠየቁት አገሮች ምድብ ውስጥ ናት። ግን ነፃ ማለት ለሁሉም ክፍት ማለት አይደለም። የተመዘገበው ተቋሙ ነው፣ ደንብ አለው፣ ፓስወርዱን አደባባይ ማውጣት ክልክል ነው።

ሦስተኛው ዩኒቨርሲቲው በቀጥታ ወይም በኅብረት ከሌሎች ጋር ሆኖ የሚያገኘው፣ ውል የተፈረመበት ዳታቤዝ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሥራ በሙሉ ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ነው።

ደረጃ 2፦ ውሉን አግኙና አራት ቦታ አስምሩበት

ውሉ ላይብረሪው ውስጥ ላይኖር ይችላል። ግዢ ክፍል ጠይቁ። ከዚያም የፕሬዚዳንት ጽሕፈት ቤቱን መዝገብ ቤት ጠይቁ። በኅብረት የተገኘ ከሆነ ኅብረቱን የሚያስተባብረው ክፍል ዘንድ ይኖራል። ከጠፋም ለአሳታሚው ኢሜይል ጻፉና ቅጂ ጠይቁ፣ ይልኩላችኋል። ስታገኙት ስካን አድርጉና ከአንድ በላይ በሆነ ሕንፃ ውስጥ አስቀምጡት። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ በወሎ ዩኒቨርሲቲዎች ላይ የደረሰውን ውድመት ያየ ሰው ይህን ለምን እንደምል አይጠይቀኝም።

አሁን እስክሪብቶ ያዙና እነዚህን አራት ነገሮች አስምሩ፦

1. "ኦቶራይዝድ ዩዘርስ" የሚለውን አንቀጽ። የተፈቀደላቸው ሰዎች ትርጉም እዚህ ነው። ተማሪ፣ መምህር፣ ሠራተኛ ብሎ ይዘረዝራል። ጎብኚ ተመራማሪና የኮንትራት ሠራተኛን ይጨምር እንደሆነ ቃል በቃል አንብቡ።
2. "ዎክ-ኢን ዩዘርስ" የሚለውን። ተማሪም ሠራተኛም ሳይሆን ላይብረሪው ድረስ በአካል የመጣ ሰው ማለት ነው። ብዙ ውሎች ይህን ሰው እዚያው ላይብረሪው ውስጥ ባለ ኮምፒውተር ብቻ እንዲያነብ ይፈቅዱለታል። የመግቢያው መምህር መልሱ እዚህች መስመር ላይ ነበር።
3. "ሳይት" የሚለውን። ውሉ የሚሸፍነው የትኛውን ግቢ ነው? ደሴና ኮምቦልቻ እንዳሉት በሁለት ከተማ የሚሠራ ተቋም ከሆነ ሁለቱም መካተታቸውን አረጋግጡ።
4. ክልከላዎቹን። በጅምላ ማውረድ፣ ለንግድ መጠቀም፣ ለሦስተኛ ወገን ማስተላለፍ። ውሉ የሚያበቃበትን ቀንም አብራችሁ ጻፉ።

ማስጠንቀቂያ፦ የአንዱን ውል አንብባችሁ ሌላውም እንደዚያው ነው አትበሉ። አንዱ ዎክ-ኢን ይፈቅዳል፣ ሌላው ስለዚህ ምንም አይልም። ዝም ካለ "ተፈቅዷል" ብላችሁ አትተርጉሙት፤ በኢሜይል ጠይቁና መልሱን ከውሉ ጋር እሰሩት።

ደረጃ 3፦ ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ጥያቄ በቅደም ተከተል

ሀ. ሰውየው ከዩኒቨርሲቲው ጋር ዛሬ ግንኙነት አለው? አምና የነበረው አይቆጠርም። መታወቂያ ካርድ ብቻውንም ማስረጃ አይሆንም፤ የተመረቀ ልጅ ካርዱን ኪሱ ይዞት ሊዞር ይችላል። የሪጅስትራር ወይም የሰው ሀብት ዝርዝር ላይ ስሙ አለ ወይ ነው ጥያቄው።

ለ. ውሉ እንዲህ ያለውን ሰው በምን ስም ይጠራዋል?

ሐ. የሚጠቀመው ከየት ሆኖ ነው? ግቢ ውስጥ ነው ወይስ ቤቱ?

ቅደም ተከተሉን አታዛቡ። ብዙ ሰው "ሐ"ን ያስቀድምና ግቢው ዋይፋይ ላይ የገባ ሁሉ የተፈቀደለት ይመስለዋል። ኔትዎርኩ ማስገባቱ ብቻውን ፈቃድ አይደለም።

ደረጃ 4፦ አስቸጋሪዎቹን ቀድማችሁ ወስኑ

መደበኛ ተማሪና ቋሚ መምህር አያከራክሩም። እለፏቸው። ጭንቅላት የሚያዞሩት እነዚህ ናቸው።

*ኤክስቴንሽንና የቅዳሜ-እሑድ ተማሪ።* ከተመዘገበ ተማሪ ነው። አሳታሚዎቹ በተለመደው ውላቸው የቀንና የማታ ብለው አይለዩም። "ለመደበኛ ብቻ" የሚል ልማድ ካላችሁ ዛሬውኑ አቁሙት፤ እነዚህ ሰዎች ከፍለው ነው የሚማሩት።

*የክረምት ተማሪ።* ሐምሌና ነሐሴ ግቢ ይገባሉ፣ መስከረም ሲጠባ ወደየትምህርት ቤታቸው ይበተናሉ። ጽሑፋቸውን የሚሠሩት ግን ዓመቱን ሙሉ፣ ወረባቦ ወይም ለጋምቦ ተቀምጠው ነው። ሪጅስትራር ፕሮግራሙን እስኪጨርሱ ንቁ ተማሪ ብሎ ከያዛቸው ከቤታቸው የሚገቡበት አካውንት ስጧቸው፣ በየሐምሌው ምዝገባ ላይ አድሱት። የርቀት ተማሪም እንደዚሁ ነው፣ ግን ውሉ የርቀት ተማሪን በግልጽ ያስወጣ እንደሆነ መጀመሪያ እዩ።

*የሆስፒታል ሐኪም።* እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ ብዙ ስህተት የሚሠራው እዚህ ነው። የሕክምና ተማሪዎችን ሆስፒታል ውስጥ የሚያስተምር ሐኪም ሁሉ የዩኒቨርሲቲው ሠራተኛ አይደለም። የትርፍ ሰዓት መምህርነት ወይም የጋራ ቅጥር ደብዳቤ ካለው፣ ደብዳቤው የሚጸናበት ጊዜ እስኪያልቅ ድረስ እንደ መምህር ቁጠሩት። ደብዳቤ ከሌለው ግን በእናንተ ውል ሥር አይገባም። ታዲያ እንዳትመልሱት፣ የተሻለ መንገድ አለ፦ ሆስፒታሉ ራሱ ሂናሪ ላይ ይመዘገብ። ማስተማሪያ ሆስፒታሎች፣ የምርምር ተቋማትና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በራሳቸው ስም መመዝገብ ይችላሉ፤ ለኛ አገር ደግሞ ክፍያ የለውም። ቅጹን አብራችሁት ሙሉ። የአንድ ቀን ሥራ ነው፣ ከዚያ በኋላ አንድ ሐኪም ብቻ ሳይሆን ሆስፒታሉ በሙሉ ይጠቀማል።

*ትምህርት ላይ ያለ መምህር።* ለፒኤችዲ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ወይም ውጭ አገር ሄዷል። ቅጥሩ እስካልተቋረጠ ሠራተኛችሁ ነው፣ አካውንቱን አትዝጉበት። ውል ጥሶ የቀረ ከሆነ ሰው ሀብት ያሳውቃችሁ፣ ያኔ ዝጉ።

*በኤጀንሲ የተቀጠረ ጥበቃና ጽዳት።* አሠሪያቸው ኤጀንሲው ስለሆነ ሠራተኛ በሚለው ውስጥ ላይገቡ ይችላሉ። ውሉ የኮንትራት ሠራተኛን ከጨመረ ይገባሉ። ካልጨመረ በዎክ-ኢን አስተናግዷቸው። ማታ እየተማረ ያለ ጥበቃ አለ፤ "አንተ ምን ልታደርግበት" እንዳትሉት አደራ።

*ምሩቅ።* ከባዱ ንግግር ይሄ ነው። አራት አምስት ዓመት የኖረበት ቤት ነውና ልክ ነው ቢከፋው። ግን በአብዛኛው ውል ከተመረቀ በኋላ ከቤቱ መግባት አይችልም፣ መጥቶ ማንበብ ይችላል። ይህን ንገሩት፤ የምትነግሩት ግን ከስድስት ወር በኋላ መጥቶ ሲጠይቅ ሳይሆን ክሊራንስ በሚያስፈርምበት ቀን ነው።

*ከወልድያ ወይም ከመቅደላ አምባ የመጣ ተማሪ።* መጀመሪያ የራሱን ዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ ይጠይቅ፣ ያው ዳታቤዝ እዚያም ሊኖር ይችላል። እናንተ ዘንድ ዎክ-ኢን ነው።

*የኮምቦልቻ ፋብሪካ ኢንጂነር።* መጥቶ ለዕውቀቱ ቢያነብ በዎክ-ኢን ይስተናገዳል። ለድርጅቱ ገቢ ለሚያስገኝ ሥራ ከሆነ ግን "ለንግድ መጠቀም" የሚለው ክልከላ ይነካዋል። አታፋጥጡት፤ የአጠቃቀም ቅጹ ላይ ዓላማውን ራሱ ይጻፍ፣ ቅጹም ክልከላውን በግልጽ ይንገረው።

ደረጃ 5፦ በአንድ ገጽ ጻፉትና አስፈርሙ

ሠንጠረዥ ሥሩ። በግራ የሰው ዓይነት፣ ከዚያ "ግቢ ውስጥ"፣ "ከቤት"፣ "ምን ማስረጃ ያሳያል"፣ "መቼ ይዘጋል"። ከአንድ ገጽ አይለፍ፤ ዴስክ ላይ ባለ አሥር ገጽ መመሪያ የሚያገላብጥ ተረኛ የለም። ዳታቤዞቹ የተለያየ ደንብ ካላቸው በጣም ጥብቅ የሆነውን ለይታችሁ ከታች ጻፉት።

ማስጠንቀቂያ፦ የዩኒቨርሲቲው ኃላፊ ቢፈርምም ከውሉ የሰፋ ነገር መፍቀድ አይችልም። ማጥበብ ትችላላችሁ እንጂ ማስፋት አትችሉም።

ደረጃ 6፦ ከአይሲቲ ጋር ቁጭ በሉ

ውሳኔው ወረቀት ላይ ብቻ ከቀረ ምንም አልሠራችሁም።

1. ለአሳታሚው የምትልኩት የአይፒ አድራሻ (አሳታሚው ግቢያችሁን የሚለይበት የኢንተርኔት ቁጥር) ትክክለኛው መሆኑን አረጋግጡ። በ10. ወይም በ192.168. የሚጀምር ቁጥር የውስጥ አድራሻ ነው፣ ለአሳታሚ ቢላክ አይሠራም። "ከፍለን አይከፍትልንም" ከሚሉት ውስጥ ስንቱ ይህን ልኮ እንደሆነ! የውጩን፣ ፐብሊክ የሚባለውን አድራሻ ስጧቸው። የየግቢውን ለየብቻ።
2. ያ የውጭ አድራሻ የእናንተ ብቻ መሆኑን ጠይቁ። ከሌላ ተቋም ጋር የምትጋሩት ከሆነ ያ ተቋምም ይገባል ማለት ነው።
3. የእንግዳ ዋይፋይ ካላችሁ በሌላ አድራሻ እንዲወጣ አድርጉ። ካልሆነ ለስብሰባ መጥቶ ካፌ የተቀመጠ ሁሉ ዳታቤዙ ይከፈትለታል።
4. ከቤት ለሚገቡት ኢዚፕሮክሲ (ከውጭ የሚገባውን በዩኒቨርሲቲው አድራሻ በኩል የሚያሳልፍ) ወይም መሰል ሲስተም ተጠቀሙ፤ እያንዳንዱ በራሱ ስምና በራሱ ፓስወርድ ይግባ። አንድ ፓስወርድ ለሁሉም ከሆነ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ መውጣቱ የቀናት ጉዳይ ነው።
5. ማን በስንት ሰዓት እንደገባ የሚመዘግበው ሎግ መብራቱን በዓይናችሁ እዩ። "በርቷል" ሲሏችሁ አትመኑ፣ የትናንቱን ያሳዩዋችሁ።

ደረጃ 7፦ የእንግዳ ኮምፒውተር አዘጋጁ

አንድ ወይም ሁለት ኮምፒውተር ይበቃል፣ ዴስኩ ከሚታይበት ቦታ ይሁን። እንግዳው መታወቂያ ያሳያል፣ ስሙንና ሰዓቱን ይጽፋል። ፓስወርድ የሚያስፈልግ ከሆነ እናንተ አስገቡ፣ ብሮውዘሩ እንዳያስቀምጠው በፕራይቬት መስኮት ክፈቱ፤ ሲጨርስ ራሳችሁ ዝጉ። ፕሪንት ማድረግና ፍላሽ ላይ መያዝ ይቻል እንደሆነ ከውሉ አይታችሁ ኮምፒውተሩ ላይ ለጥፉ።

የምትናገሩትንም ቀድማችሁ ተስማሙ። "አይቻልም" ብላችሁ አትጀምሩ። ለምሳሌ፦ "ጋሼ፣ ፓስወርዱን መስጠት አልችልም፤ ግን ይግቡ፣ እዚህ ቁጭ ይበሉና አብረን እንፈልገው።" ይህን የተባለ ሰው ቅር ብሎት ሲሄድ አላየሁም።

ደረጃ 8፦ በሩን በየጊዜው ዝጉ

በየሴሚስተሩ መጀመሪያ አዲስ ዝርዝር ከሪጅስትራር ተቀበሉ። ስሙ የሌለው ይዘጋል። ዊዝድሮዋል የሞላ ልጅ አካውንቱ ይዘጋል፣ ሲመለስ ይከፈታል። ክሊራንስ ወረቀቱ ላይ ከመጽሐፍ ዕዳው ጎን "የኢ-ሪሶርስ አካውንት ተዘግቷል" የምትል መስመር አስጨምሩ። ይህች አንዲት መስመር ብዙ ጣጣ ትቆርጣለች።

ነገር ሲበላሽ

*ፓስወርዱ ወጥቷል።* መጀመሪያ ቀይሩት፣ ማን አወጣው የሚለው በኋላ ይደርሳል። ቀጥሎ ፖስቱ እንዲጠፋ የግሩፑን አድሚን ጠይቁ፣ ለአሳታሚውም ራሳችሁ ቀድማችሁ አሳውቁ። ከእናንተ መስማታቸውና ራሳቸው መድረሳቸው አንድ አይደለም።

*አሳታሚው ግቢውን በሙሉ ዘጋው።* በአብዛኛው ምክንያቱ አንድ ሰው በሶፍትዌር በመቶዎች የሚቆጠር አርቲክል በጅምላ ማውረዱ ነው። እኔ በሠራሁበት አንድ ላይብረሪ ይህ የደረሰው ግንቦት ላይ፣ ተመራቂዎች ጽሑፍ ሊያስገቡ ሲሯሯጡ ነው። አንድ ልጅ ባደረገው ሁሉም ተቀጣ። ሎጉ ጠፍቶ ስለነበር ማን እንደሆነ ማወቅ አቃተን፣ ሳናውቅ ደግሞ "አስተካክለናል" ብለን መጻፍ አልቻልንም። የዚያን ሰሞን የተማሪዎቹ ፊት እስካሁን ከዓይኔ አይጠፋም።

እናንተ እንዲህ አድርጉ፦ አሳታሚው የአይፒ አድራሻና ሰዓት ይልክላችኋል። ሰዓቱን ተጠንቅቃችሁ ቀይሩት። ብዙውን ጊዜ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ነው የሚጽፉት፣ የኛ በ3 ሰዓት ይቀድማል። 19:00 ብለው ቢጽፉ እዚህ 22:00 ነው፣ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት። ይህን ባለማስተዋል የሌላ ሰው ስም ይነሣል። ከዚያ ሎጉን አይታችሁ ያንን አካውንት ብቻ አግዱ፣ ልጁን አነጋግሩት (ብዙዎቹ ክልክል መሆኑን አያውቁም)፣ የወሰዳችሁትን እርምጃ ጻፉና እንዲከፍቱ ጠይቁ።

እግረ መንገድ፦ ሎጉን ለዚህ ብቻ ተጠቀሙበት። "ይህ መምህር ምን እያነበበ ነው" ብሎ የሚጠይቃችሁ ሰው ቢመጣ አትስጡት። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ፤ አዋጁ ባይኖርም የሰው ንባብ የሰው ነው።

*ኃላፊ ደውሎ "ይህን ሰው አስገባልኝ" አለ።* አትሟገቱ። ሰውየውን ተቀበሉ፣ ሠንጠረዡ ላይ የትኛው መስመር ውስጥ እንደሚገባ እዩ፣ ዎክ-ኢን ከሆነ በክብር አስቀምጡት። ከቤት መግቢያ ይሰጠው ከተባላችሁ "በደብዳቤ ይጻፍልኝ፣ ለአሳታሚው ልኬ ላስፈቅድ" በሉ። አብዛኛው እዚህ ላይ ይቆማል። ደብዳቤው ከመጣም በእርግጥ ላኩት፤ አንዳንዴ ይፈቅዳሉ።

*የተፈቀደለት ሰው አልከፍት አለው።* አትጠራጠሩት፣ አረጋግጡ። ግቢ ውስጥ ከሆነ በግቢው ኔትዎርክ ነው ወይስ በስልኩ ዳታ? ስልኩ ላይ ቪፒኤን አለ? ስሙ ዝርዝሩ ላይ በሌላ ፊደል ተጽፎ ይሆን? "ሐሰን" እና "ሀሰን" ለኮምፒውተር ሁለት ሰው ናቸው፣ ስለዚህ በመታወቂያ ቁጥር ፈልጉ። የግቢው አይፒ ተቀይሮ ይሆናል፤ ከሆነ አዲሱን ለሁሉም አሳታሚዎች በዚያው ቀን ላኩ። ሁሉም ካልሠራ ደግሞ የፈለገውን አርቲክል ርዕስ ተቀበሉ፣ ራሳችሁ አውጥታችሁ ስጡትና ችግሩን እሱ ከሄደ በኋላ ፈልጉ።

*ያልተፈቀደለት ሰው ሩቅ ነው፣ መምጣት አይችልም።* ላሊበላ ያለ ምሩቅ ደሴ ድረስ ለአንድ አርቲክል አይመጣም። አንፔይዎል የሚባለውን የብሮውዘር ማሟያ ያስጭን፣ ሕጋዊ ነፃ ቅጂ ካለ ያሳየዋል። ከሌለ ለጸሐፊው ኢሜይል ይጻፍ፤ አድራሻው ብዙ ጊዜ የአርቲክሉ ማጠቃለያ ገጽ ላይ ይገኛል፣ ብዙዎቹም ይልካሉ። ውላችሁ የላይብረሪ ለላይብረሪ ውሰት የሚፈቅድ ከሆነ ደግሞ አቅራቢያው ያለው ላይብረሪ በስሙ ይጠይቃችሁ፣ እናንተም ለላይብረሪው ላኩለት።